በሴቶች እኩልነትና በሠራተኛ መብት ላይ ኢንተርን መሆን፦ ከዝግጅት እስከ ርክክብ

ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ኢንተርን ለመሆን በሚላኩ ደብዳቤዎች ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይመጣል፦ «ለሴቶች እኩልነት ጥልቅ ፍላጎት አለኝ።» ፍላጎቱን አልጠራጠርም። ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ግን ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አንዲት የስፌት ሠራተኛ ስታረግዝ ሕጉ ስንት ቀን ፈቃድ እንደሚሰጣት የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የፈቃዱን ደመወዝ ማን እንደሚከፍል፣ ያ ክፍያ ቀጣሪውን ሌላ ሴት ከመቅጠር እንዴት እንደሚያሸሸው የገባው ሰው ይፈልጋል። በሥራ ቦታ እኩልነት የሚታየው በደመወዝ ዝርዝር፣ በፈረቃ ሰዓትና በመጸዳጃ ቤት ወረፋ ላይ ነው። ይህ የገባው ኢንተርን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ለቢሮው ይጠቅማል።

መመሪያው የተጻፈው ኢትዮጵያ ውስጥ ሆነው ለሚያመለክቱ ወጣቶች ነው። ዋና ምሳሌዬ የዓለም ሥራ ድርጅት፣ ማለትም አይኤልኦ ነው። ድርጅቱ በ1919 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። ኢትዮጵያ በ1923 እ.ኤ.አ. አባል ሆነች። የአዲስ አበባው ቢሮ ኢትዮጵያን፣ ጅቡቲን፣ ሶማሊያን፣ ሱዳንንና ደቡብ ሱዳንን ይሸፍናል። ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋ ብታመለክቱም አብዛኛው ነገር ይሠራል።

1. መጀመሪያ በሩን ምረጡ

ሁሉም በር ለሁሉም ክፍት አይደለም። አይኤልኦ የሚፈልገው በአብዛኛው የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርታቸውን እየጨረሱ ያሉ ወይም በቅርቡ የጨረሱ ሰዎችን ነው። የልምምዱ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ነው። ሌላ ደጋፊ ለሌለው ኢንተርን ወርሃዊ አበል ይከፍላል። የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅት፣ ማለትም ዩኤን ውመንም፣ እንዲሁ አበል ይሰጣል። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግን የሚመራው በዋናው ሴክሬታሪያት ደንብ ስለሆነ ልምምዱ ክፍያ የለውም። በሌላ በኩል የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የመጨረሻ ዓመት የሚማሩ ተማሪዎችንም ይቀበላል።

ገንዘቡን ከልብ አስቡበት። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኪራይ፣ ታክሲና ምሳ ከፍሎ ለስድስት ወር ያለ ክፍያ መሥራት ቤተሰቡ ከተማ ውስጥ ላለው ልጅ ይቻላል። ከወላይታ ወይም ከደብረ ታቦር ለመጣች ልጅ ግን በጣም ከባድ ነው። ስለ እኩልነት የሚሠራ ዘርፍ ድሃዋን ልጅ በዚህ መንገድ ደጅ ላይ ማስቀረቱ በእውነት ያሳዝነኛል። አቅማችሁ ካልፈቀደ ያለ ክፍያ የቀረበን ዕድል እምቢ ማለት ነውር የለውም።

የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ካላችሁ ምክሬ ቀጥተኛ ነው፤ ከአገር ውስጥ ተቋማት ጀምሩ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም ኢሠማኮ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የአበባና አትክልት አምራቾች ማኅበርም በእርሻዎች ውስጥ ከተቋቋሙ የሥርዓተ ፆታ ኮሚቴዎች ጋር ሲሠራ ቆይቷል። እነዚህ ጋ ማስታወቂያ አትጠብቁ። ከዩኒቨርሲቲያችሁ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ በአካል ሂዱ። እዚያ የሦስት ወር ሥራ የሠራ ሰው በኋላ ለአይኤልኦ ሲያመለክት የሚናገረው ነገር አለው።

2. ከማመልከት በፊት አንብቡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ስጡት እላለሁ። የአይኤልኦ ስምምነቶች ረጅም አይደሉም። አብዛኞቹ በአንድ ቁጭታ ያልቃሉ።

በአምስቱ ጀምሩ። ቁጥር 100፣ የ1951 እ.ኤ.አ. ስምምነት፣ ስለ እኩል ክፍያ ነው። ቁጥር 111፣ የ1958ቱ፣ በሥራና በሙያ መድልዎን ይከለክላል። ቁጥር 156፣ የ1981ዱ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች ነው። ቁጥር 183፣ የ2000ው፣ ስለ ወሊድ ጥበቃ ነው። ቁጥር 190፣ የ2019ኙ፣ በሥራ ዓለም ስላለ ጥቃትና ትንኮሳ ነው። ኢትዮጵያ ቁጥር 111ን በ1966፣ ቁጥር 156ን በ1991፣ ቁጥር 100ን በ1999 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች።

ከዚያ ወደ አገራችን ሕግ ኑ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 35 እና 42 አንብቡ። ቀጥሎ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡት፤ ሥራው በሁለቱም ቋንቋ ነውና።

አሁን ሁለቱን አስተያዩ። የሥራው እውነተኛ ጣዕም ያለው እዚህ ነው። ሦስት ቦታዎችን ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው የወሊድ ፈቃድ ነው። አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። በድምሩ 120 ቀን ነው፤ ከ17 ሳምንት አያንስም። ስምምነት ቁጥር 183 የሚጠይቀው ቢያንስ 14 ሳምንት ነው። በቀን ቁጥር ሕጋችን ይበልጣል። እዚህ ላይ «ጎሽ!» ብሎ የሚያቆም ሰው ግን ግማሹን ብቻ ነው ያየው። ስምምነቱ ክፍያው በማኅበራዊ ዋስትና ወይም በመንግሥት ገንዘብ እንዲሸፈን ይፈልጋል። ቀጣሪው ብቻውን ሸክሙን እንዲሸከም አይፈልግም። እኛ ጋ ግን ሙሉ ክፍያው በቀጣሪው ላይ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ቀጣሪ ገና ሲቀጥር ልጃገረዷን «አግብተሻል? ልትወልጂ ነው?» እያለ ይጠይቃል። መልካሙ ሕግ በሌላ በኩል በር ይዘጋባታል። ይህን በሁለት አንቀጽ ማስረዳት የቻለ አመልካች ከብዙዎቹ ቀድሞ ይታያል።

ሁለተኛው ክፍያ ነው። ሕገ መንግሥቱ ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ ይላል። ስምምነት ቁጥር 100 ግን ከዚያ ይሰፋል። ሥራዎቹ ቢለያዩም ዋጋቸው እኩል ከሆነ ክፍያቸውም እኩል ይሁን ይላል። አንድ የልብስ ፋብሪካ አስቡ። መስፊያው ላይ ያሉት ሴቶች ናቸው። ማሽን የሚጠግኑትና ጨርቅ የሚቆርጡት ብዙ ጊዜ ወንዶች ናቸው። ሥራቸው ተመሳሳይ ስላልሆነ በጠባቡ መለኪያ ማወዳደር አይቻልም። በሰፊው መለኪያ ግን ሙያው፣ ድካሙ፣ ኃላፊነቱና የሥራው ሁኔታ ይመዘናል። ያኔ የስፌት ሥራ እንደሚባለው «ቀላል» ሆኖ ላይገኝ ይችላል።

ሦስተኛው የአባቶች ፈቃድ ነው። አዋጁ ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ 3 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። 120 ለ3። የልጅ እንክብካቤ የማን ሥራ ተደርጎ እንደተቆጠረ ከሁለቱ ቁጥሮች ማየት ይቻላል። ኢትዮጵያ ካጸደቀችው ስምምነት ቁጥር 156 ጋር አያይዛችሁ አንብቡት።

አንድ ተጨማሪ ነገር። አይኤልኦ ኖርምሌክስ የሚባል ለሁሉም ክፍት የሆነ የመረጃ ቋት አለው። እዚያ የኢትዮጵያን ገጽ ክፈቱ። በ1926 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚቴ ለመንግሥት የጻፋቸውን አስተያየቶች ታገኛላችሁ። ኮሚቴው 20 የሕግ ሊቃውንት አሉት። መንግሥት ለዋና ዋናዎቹ ስምምነቶች በየ3 ዓመቱ፣ ለሌሎቹ በየ6 ዓመቱ ሪፖርት ያቀርባል። ኮሚቴው ያነብና ይጠይቃል። የቅርብ ጊዜዎቹን ጥያቄዎች ማንበብ ቢሮው ራሱ አሁን ምን እያሳሰበው እንደሆነ ማወቅ ማለት ነው። ነፃ ነው፤ ግን ብዙ አመልካች አይከፍተውም።

3. አንድ ዘርፍ ያዙ

«ሥርዓተ ፆታ» በጠቅላላው ሰፊ ባሕር ነው። አንድ ዘርፍ መርጣችሁ ጠልቃችሁ ግቡ።

ልብስ ስፌት ከመረጣችሁ ሀዋሳን አጥኑ። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ለብዙዎቹ የመጀመሪያው ደመወዝ፣ የመጀመሪያው የከተማ ኑሮ ነው። መነሻ ደመወዙ ግን በጣም ዝቅተኛ ስለነበር ብዙዎቹ አንድ ክፍል ቤት ለብዙ ሆነው ይከራዩ ነበር። ለግሉ ዘርፍ አገራዊ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልነበረም። አዋጅ 1156 ይህን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። አሜሪካ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከማስገባት ዕድል፣ አስወጣች። በፓርኩ ትልቁ ስም የነበረው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ከዚያ ቀደም ብሎ በኅዳር ወር መውጣቱን አስታውቆ ነበር። በጄኔቫና በዋሽንግተን የሚወሰን ነገር አንዲት የ20 ዓመት ልጅ የቤት ኪራይ ላይ እንዴት እንደሚደርስ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። አይኤልኦ በ2019 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሲራዬ የተባለው ፕሮግራም በዚሁ ዘርፍ ላይ ሲሠራ ቆይቷል። ስለ እሱ የወጡትን ጽሑፎች ፈልጋችሁ አንብቡ።

አበባ እርሻ ከመረጣችሁ ባቱን፣ ሆለታንና ሰበታን ተመልከቱ። ኬሚካል፣ እርግዝናና የኮንትራት ሠራተኝነት እዚያ ይገናኛሉ።

ሌላው የቤት ሠራተኝነት ነው። ይህ ዘርፍ ከሁሉም ይበልጥ ከቤታችን የገባ ጉዳይ ነው። አዋጅ 1156 የግል አገልግሎት ሥራን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። በየቤታችን ሌሊት ተነስታ ማታ የምትተኛው ልጅ የሥራ ሰዓት ገደቡ አይመለከታትም ማለት ነው። ቤይሩት ያለችውም እህቷ ከዚህ ብዙ አትርቅም። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን በግልጽ ያገልላል። ከፋላ የሚባለው አሠራር ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዷን ከአንድ አሠሪ ጋር ያስራል። ከቤቱ ከወጣች ሕገወጥ ትሆናለች። በዚህ ዘርፍ ላይ መሥራት የምትፈልጉ ስምምነት ቁጥር 189ን፣ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ንና ማሻሻያውን ቁጥር 1246/2013ን አንብቡ። አዋጁ የቪዛና የትራንስፖርት ወጪን አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል። ይህን የማያውቁ ስንት ቤተሰቦች ከብታቸውን ሸጠው ለደላላ እንደከፈሉ አስቡ።

4. ማመልከቻው

ሲቪው ከሁለት ገጽ አይብለጥ። የምትናገሯቸውን ቋንቋዎች ሁሉ ጻፉ። ብዙ ልጆች እንግሊዝኛን ብቻ ይጽፋሉ። ቢሮው ግን አፋን ኦሮሞ፣ ሲዳምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ትግርኛ የሚችል ሰው ያስፈልገዋል፤ ሠራተኛዋ ልቧን የምትከፍተው በእናቷ ቋንቋ ነው። ፈረንሳይኛ ለጅቡቲ፣ ዓረብኛ ለሱዳንና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ይጠቅማል።

ደብዳቤው ላይ እንዲህ ከሚል ራቁ፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ የሴቶች ጉዳይ ያሳስበኛል፤ ድርጅታችሁ ትልቅ ድርጅት ነው።» ይልቅ እንዲህ ብትሉስ? «የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት በአበባ እርሻዎች የወሊድ ፈቃድ አፈጻጸም ላይ ነው። ከሠራተኞች ጋር በአፋን ኦሮሞ ተነጋግሬያለሁ። ቋሚ ሠራተኞች ፈቃዱን ያገኛሉ፤ ኮንትራታቸው በየጊዜው የሚታደስ ሠራተኞች ግን ሳያገኙ ይቀራሉ። ይህን ከስምምነት ቁጥር 183 ጋር አያይዤ በቢሮው መቀጠል እፈልጋለሁ።» ሁለተኛው አጭር ነው። ግን ሰውየው ወይም ሴትየዋ ማን እንደሆኑ ይታያል። ጥናታችሁ ሌላ ከሆነ የእናንተኑ እውነት በዚህ ቅርጽ አስቀምጡት።

የአይኤልኦ ማመልከቻ የሚገባው በድርጅቱ የሥራ ፖርታል በኩል ነው። የመጨረሻው ሰዓት በጄኔቫ እኩለ ሌሊት ይቆጠራል። በእኛ ሰዓት እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት መሆኑ ነው። ግን እዚያ ድረስ አትጠብቁ። ኔትወርክ ቢጠፋ፣ መብራት ቢሄድ ማንም አይሰማችሁም። ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድማችሁ ላኩ።

አንድ ነገር ጮክ ብዬ ልናገር። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ለማመልከት፣ ለቃለ መጠይቅ ወይም ለሥልጠና ክፍያ የለም። በቴሌግራም «ቦታ አለ፣ ፕሮሰስ ማድረጊያ ላኩ» የሚላችሁ ሰው አጭበርባሪ ነው።

5. ፈተናና ቃለ መጠይቅ

አንዳንድ ጊዜ አጭር የጽሑፍ ፈተና አለ። ረጅም ሰነድ ተሰጥቷችሁ በአንድ ገጽ አሳጥሩ ትባላላችሁ። ተለማመዱት። አንድ የኖርምሌክስ አስተያየት ውሰዱና በ300 ቃላት ጻፉት።

ቃለ መጠይቁ ላይ «በቡድን ሠርታችሁ ያጋጠማችሁን ችግር ንገሩን» ዓይነት ጥያቄ ይመጣል። ሁኔታውን በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ የሠራችሁትን በዝርዝር፣ ውጤቱን በቁጥር ተናገሩ። «እኛ አደረግን» ማለት የእኛ ጥሩ ባህል ነው። እዚህ ግን «እኔ ይህን ሠራሁ» በሉ። የሚመዘኑት እናንተ ናችሁ። የማታውቁት ጥያቄ ከመጣ አላውቅም ብላችሁ እንዴት እንደምታገኙት ንገሯቸው።

6. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

መጀመሪያ የሥራ ዝርዝራችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። ተቆጣጣሪያችሁ ሥራ የበዛባቸው ስለሚሆኑ ዝርዝሩን ራሳችሁ በግማሽ ገጽ አርቅቃችሁ «እንዲህ ልያዘው?» ብላችሁ አሳዩአቸው። በጣም ይወዱላችኋል።

ቀጥሎ የአይኤልኦን ጠባይ እወቁ። ድርጅቱ በሦስት እግር የቆመ ነው። መንግሥት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች አብረው ይወስናሉ። እኛ ጋ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ የአሠሪዎች አደረጃጀቶችና ኢሠማኮ ማለት ነው። ለአንዱ የላካችሁትን ግብዣ ለሌላው ካልላካችሁ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ይበላሻል። የደብዳቤ ማዕረግ፣ የስም አጻጻፍ፣ ማን በፊት እንደሚናገር ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ስለ ሴቶች ጉዳይ ሲሆን ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርም ይጨመራል።

የስብሰባ ቃለ ጉባኤ መያዝ የኢንተርን ሥራ ነው ተብሎ ይናቃል። አትናቁት። ማን ምን እንዳለና ማን ዝም እንዳለ የምታዩት እዚያ ነው። ሴት ተወካዮች ስንት ጊዜ እንደተናገሩ፣ ሲናገሩ ስንቴ እንደተቋረጡ ለራሳችሁ ያዙ። አንድ ቀን ስለ ተሳትፎ ሪፖርት ስትጽፉ ይጠቅማችኋል።

7. ፋብሪካ ስትገቡ

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው።

ከሠራተኞች ጋር ስትነጋገሩ ሱፐርቫይዘር ወይም ኤች አር ክፍሉ ውስጥ እንዳይኖር በትህትና ግን በግልጽ ጠይቁ። «እኔ ብኖር ምን አለ?» የሚል ኃላፊ ካለ ከጎናችሁ ያለው የፕሮጀክት ባለሙያ እንዲናገር አድርጉ፤ የእናንተ ቦታ አይደለም። ሴቶችን የምታወያየው ሴት ብትሆን ይመረጣል። ውይይቱ በሥራ ሰዓት፣ ደመወዝ ሳይቆረጥ ይሁን። የምሳ ሰዓቷን ወስዳችሁ ስለ መብቷ አታወያዩአት።

በቡድን መካከል «ተተንኩሳችሁ ታውቃላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ማንም አትመልስላችሁም፤ የመለሰችውም ልትጎዳ ትችላለች። በዙሪያው ጠይቁ። የማታ ፈረቃ ሲያልቅ ሰርቪሱ የት ያወርዳችኋል? ከዚያ ቤት ድረስ መንገዱ እንዴት ነው? መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ማንን ታስፈቅዳላችሁ? ስንት ደቂቃ ይፈቀዳል? የወር አበባ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ነፍሰ ጡር ሆና ማታ የምትሠራ አለች? የመጨረሻው ጥያቄ ሕግ አለው። አዋጁ ነፍሰ ጡር ሴትን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል። የመንገዱም ጥያቄ መሠረት አለው። ስምምነት ቁጥር 190 ወደ ሥራ ሲሄዱና ሲመለሱ የሚደርስን ጥቃት የሥራ ዓለም ጉዳይ አድርጎ ይቆጥረዋል። አሠሪው ያዘጋጀው መኖሪያም፣ በስልክ የሚላክ መልእክትም እንዲሁ።

አንዲት ሠራተኛ ለብቻችሁ ይዛችሁ የደረሰባትን ብትነግራችሁስ? ተዘጋጅታችሁ ግቡ። ስሙአት። አታቋርጧት። «ለምን ዝም አልሽ?» አትበሏት። አስፈታዋለሁ፣ አስከስሰዋለሁ ብላችሁ ቃል አትግቡ። ምርመራም አትጀምሩ። ምን ማድረግ እንደምትፈልግ እሷን ጠይቁ። ከፈቀደች ብቻ በፕሮጀክቱ ለዚህ ለተመደበው ሰው አሳውቁ። ካልፈቀደች የሕግ ምክርና የሕክምና ድጋፍ የምታገኝበትን ስልክ ስጧት። አዋጁ ወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃትን ከልክሎ፣ የተፈጸመባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን እንድትለቅ ይፈቅድላታል። ይህን ማወቋ ብቻውን ሊያቃልልላት ይችላል። ስሟን ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ አትጻፉ። ፎቶ አታንሱ። ማታ ለጓደኛችሁም አትንገሩ። ፋብሪካው ትንሽ መንደር ነው፤ «አንዲት የመስመር 4 ሠራተኛ» ማለት ብቻ ማንነቷን ያጋልጣል።

ከመግባታችሁ በፊት የድጋፍ ሰጪዎቹን ዝርዝር ያዙ። ዝርዝሩ ከሌለ ለተቆጣጣሪያችሁ ጥያቄ አቅርቡ። ያለ ዝርዝሩ ውይይት ባይደረግ ይሻላል የሚል አቋም አለኝ።

8. ቁጥሩን አናግሩት

ሪፖርት ላይ «ከ60 ሠልጣኞች 40ዎቹ ሴቶች ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ትጽፋላችሁ። ይህ መነሻ ነው። ቀጥላችሁ ጠይቁ። ከ40ዎቹ ስንቶቹ የመስመር መሪ ናቸው? ወንዶቹስ? ከሥልጠናው በኋላ ዕድገት ያገኘ አለ? ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች መምጣት ችለዋል? ልጅ የሚይዝላቸው ማን ነበር? ሥልጠናው እሑድ ከሆነ ማን ቀረ?

ቋንቋችሁ ቀላል ይሁን። የለጋሽ ቃላት ተደርድረው የሚሞላ ገጽ ማንንም አይረዳም። «የሴቶችን አቅም ማጎልበት» ከማለት «የመጸዳጃ ፈቃድ ካርድ ተነሣ» ማለት ይበልጣል። ያልተሳካውንም ጻፉ። ኮሚቴው ተቋቁሞ አንድም ጊዜ ካልተሰበሰበ እንዲያው ጻፉት። ተቆጣጣሪያችሁ ሊያለዝቡት ይችላሉ፤ ረቂቁ ላይ ግን እውነቱ ይኑር።

9. የራሳችሁም መብት አለ

ስለ ሠራተኛ መብት እየሠሩ የራሳቸውን የሚረሱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከመጀመራችሁ በፊት በጽሑፍ ያዙ፦ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የሥራ ሰዓት፣ አበሉ መቼ እንደሚገባ፣ የመስክ ጉዞ ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ብትታመሙ ወይም አደጋ ቢደርስ መድኑ የማን እንደሆነ፣ ተቆጣጣሪያችሁ ማን እንደሆኑ።

ስምምነት ቁጥር 190 ኢንተርኖችንና ተለማማጆችን በስም ጠቅሶ ይጨምራል። ሥራ ፈላጊዎችንና አመልካቾችንም ጭምር። ትልቅ ሰው፣ የተከበረ ሰው፣ «ሥራ አስገባሻለሁ» የሚል ሰው ከድንበር ካለፈ ዕድሌን አጣለሁ ብላችሁ አትሸከሙት። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ጻፉ። መልእክቶቹን አታጥፉ። ድርጅቶቹ የቅሬታ መስመር አላቸው፤ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የት እንዳለ እወቁ። ሳይፈለግ ማወቁ ይቀላል።

10. ርክክብ

ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ማስረከብ ጀምሩ። ፋይሎቻችሁን በቀንና በርዕስ ሰይሙ። የጀመራችሁትን፣ የጨረሳችሁትንና የቀረውን በአንድ ገጽ ጻፉ። የሠራተኞች ስም ወይም ድምፅ ያለበትን ነገር ከግል ስልካችሁና ከኮምፒውተራችሁ አጥፉ።

የድጋፍ ደብዳቤ ከተቆጣጣሪያችሁና አብራችሁ ከሠራችሁት ሌላ አንድ ሰው ጠይቁ። ሁለተኛው ሰው ከኢሠማኮ ወይም ከአሠሪዎች በኩል ቢሆን ደብዳቤው ይከብዳል። ደብዳቤውን ሲጽፉ እንዲቀልላቸው የሠራችሁትን በአምስት መስመር ጽፋችሁ ስጧቸው። ኢንተርንነት ሥራ እንደማያስገኝ ውሉ ላይ ተጽፏል። ይሁን እንጂ በፕሮጀክቶች አጫጭር የአማካሪነት ሥራዎች ይወጣሉ። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራምም ከአበል ጋር የሚቀጥር መንገድ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት እዚያ ተመዝገቡ።

የመጨረሻው ሥራ ወደ ፋብሪካው መመለስ ነው። ያወያያችኋቸው ሴቶች የሰጧችሁ መረጃ የት እንደደረሰ የመስማት መብት አላቸው። በአማርኛ ወይም በራሳቸው ቋንቋ አንድ ገጽ አዘጋጁ። ምን እንዳሉ፣ ፋብሪካው ምን ለማድረግ እንደተስማማ፣ ምን እምቢ እንዳለ ይጻፍበት። የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ በውይይት ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ ታንብበው፤ ማንበብ የማይችሉ አሉና። ይህን የምታደርጉበት ቀን በሥራ ዕቅዳችሁ ላይ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይመዝገብ። ካልተመዘገበ በጀትና መኪና አይገኝለትም።